የዕለት ድርሻ

እናቴ ንፉግ ናት ብዬ የደመደምኩት በሰባት ዓመቴ ነው። ማስረጃ አልነበረሽም እንዳትሉኝ፤ ማስረጃዬ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ደርቆ፣ ድንጋይ ሆኖ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ትልቅ ሰው አይደለም የሚል ካለ፣ መጥቶ አንድ ባልዲ ኖራ ይዞ መሰላል ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ነገሩ የሆነው በባቡር ጣቢያው አዲሱ የመንገደኞች አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ገና አልተከፈተም። አግዳሚ ወንበሮቹ ላስቲካቸው አልተነሳም፣ ወለሉ ላይ የአናጺዎች ሰጋቱራ ተበትኗል፣ ስናገር ድምፄ ከወዲያ ጥግ ተመልሶ ይመጣል። ቤት ውስጥ ለማወራው ነገር መልስ የሚሰጠኝ ስለሌለ ይህን በጣም ወደድኩት። ከበሩ ትይዩ ባለው ሰፊ ግድግዳ ላይ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ትልቅ ወንዝና ወንዙን የሚሻገሩ ሰዎች እየሳለ ነበር። እናቴ ለሳኝ ናት፤ ልስኑን የምታዘጋጅለት እሷ ነበረች። እኔ ደግሞ ቤት ብቻዬን ብቀር ቤቱን አቃጥላለሁ ተብሎ ስለተፈራ አብሬያቸው እውላለሁ።

ይህ ሥዕል እንደ ሌላው ሥዕል አይደለም። ቀለሙ ሙጫ የለውም፣ ዘይት የለውም፤ የተፈጨ አፈርና ውሃ ብቻ ነው። የሚቀባው ልስኑ እርጥብ ሳለ ነው። ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ወደ ውስጥ ስቦ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢያጥቡት አይለቅም፣ ቢያሹት አይለቅም። ልስኑ ከደረቀ በኋላ የተቀባው ግን በጣት ይነሳል። ስለዚህ እናቴ ጠዋት ጠዋት በዚያ ቀን ተስሎ የሚያልቀውን ቦታ ብቻ ትለስናለች። አጎቴ ሳይደርቅበት ይጨርሳል። በነጋታው ከጎኑ ሌላ ይለሰናል። ያቺን የአንድ ቀን ቦታ እኛ ቤት ድርሻ እንላታለን።

ኖራውም የሱቅ ኖራ አይደለም። እናቴ የተቃጠለውን ድንጋይ ውሃ ውስጥ ስትጨምረው ያለ እሳት ይፈላል፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አልብሳ ዓመት ታስተኛዋለች። ሲወጣ ቅቤ ይመስላል። ቅቤ መሰለኝና አንዴ ቀመስኩት። ምላሴ ተላጠ፣ ቤቱ ለጥቂት ቀን ጸጥ አለ፣ እናቴ ያን ጊዜ እስካሁን ትናፍቃለች።

አጎቴ እናቴን «እትዬ» ይላታል። እሷ ጸጉሩ የሸበተውን ሰውዬ «አንተ ልጅ» ትለዋለች። እኔን አጎቴ የሚጠራኝ «ጠበቃዬ» እያለ ነው፤ ምክንያቱም እናቴ በሱ ላይ የምትፈጽመውን በደል ሁሉ እየተከታተልኩ እከራከርለት ነበር።

በደሉ ብዙ ነበር። ምሳ ስንበላ ለእኔና ለራሷ ሻዩን እስከ አፉ ትሞላለች፤ ለሱ ግማሽ ብርጭቆ። እኛ ዳቦውን እየገመጥን እንበላለን፤ የሱን እሷ ራሷ ትቆርስና ቁርስራሹን ከፊቱ ታስቀምጣለች፣ እንደ ዶሮ። ለምን ግማሽ ብቻ ትቀጂለታለሽ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት። አጎቴ ሳቀና እትዬ ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ አይፈታም፣ አባታችን የሰጠንን ከረሜላ ሳይቀር ለነገ እያለች ትደብቅ ነበር አለኝ። እናቴ ዝም አይነቅዝም ብላ አለፈችው። እኔ የክስ መዝገቤ ላይ ጨመርኩት።

ብርጭቆ ሙሉ ሻይ እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው እጅ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያኔ አላውቅም። አጎቴ ቀኝ እጁን ሁልጊዜ ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ይቀመጣል፤ ስጠይቀው በርዶኝ ነው ይላል። በአዳራሹ የመስታወት መስኮቶች ሁሉ ፀሐይ እየገባ፣ እኔ ላብ እያሰመጠኝ። ደሃ ነው፣ ሹራብ የለውም ብዬ አዘንኩለት።

ሥዕሉ የሚጀመረው ከላይ ነው፤ ከላይ የሚንጠባጠበው የታችኛውን እንዳያበላሽ። ሰማዩን ሲሠሩ እናቴ በር የሚያህል ድርሻ ትለስን ነበር። አጎቴ በሰፊ ብሩሽ ይጋልብበታል፤ ከምሳ በፊት ያልቃል። ከሰማዩ ቀጥሎ ተራሮቹ መጡ፣ ድርሻው አነስ አለ። ከተራሮቹ ቀጥሎ የሰዎቹ ፊት መጣ፣ ድርሻው ትሪ የሚያህል ሆነ። እናቴን ጠየቅኳት፤ ፊት ብዙ ሥራ ስላለው ትንሽ ነው የሚለሰነው አለች። ይህን ተቀበልኩ። ጠበቃ ብሆንም ፍትሐዊ ነኝ።

ከፊቱ በኋላ ግን ወንዙ መጣ። ውሃ ደግሞ ቀላል ነው። አጎቴ ራሱ ገና ሲጀመር፣ ውሃ ላይ ስንደርስ ዕረፍታችን ነው፣ ሁለት ቀለምና ሰፊ ብሩሽ ብቻ፣ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ እናቴ እንደገና በር የሚያህል ትለስናለች ብዬ ጠበቅኩ። ያን ጠዋት የለሰነችው የደብተሬን ሁለት ገጽ የሚያህል ነበር። በነጋታው ደግሞ ከዚያ ያነሰ። አጎቴ ግድግዳው ፊት ቆሞ ያቺን ቁራሽ አየና እናቴን አየ። እጁን ከብብቱ አወጣ፣ ክርኑን በዱላ አስደግፎ መቀባት ጀመረ። ልቤ ተቆረጠ።

የጣቢያው ሥራ ተቆጣጣሪ የመጣው ወንዙ ግማሽ ሳይደርስ ነው። ከመድረሱ በፊት የቁልፎቹ ድምፅ ይደርሳል። ያን ቀን ታፔላ ሠሪውን አስከትሎ ነበር፤ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ አፉ ውስጥ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚያላምጥ ሰውዬ። ታፔላ ሠሪው ሰላም ሳይለን ሜትሩን ዘርግቶ ያልተሳለውን ግድግዳ መለካት ጀመረ። ተቆጣጣሪው አዳራሹ የሚከፈትበት ቀን እንደተቆረጠ፣ ትልልቅ ሰዎች እንደሚመጡ፣ እስከዚያ ካላለቀ ይህ ሰውዬ የቀረውን በዘይት ቀለም እንደሚጨርሰው ተናገረ። ታፔላ ሠሪው ደግሞ እንዲመሳሰል የላይኛውንም አብሬ ልለቅልቀው እችላለሁ፣ አያስቸግረኝም አለ። ሰማዩን ማለቱ ነበር። ተራሮቹን፣ ፊቶቹን ሁሉ።

ከዚያ ተቆጣጣሪው ወደ አጎቴ ዞረ። ሰዎች ሰዓሊው ታሟል ይላሉ፣ የታመመ ሰው መሰላል ላይ አላቆምም፣ አለው። አጎቴ ደህና ነኝ አለ። ተቆጣጣሪውም፣

«እስቲ እንግዲያው እያየሁህ አንድ ነገር ሳል» አለው። «ያቺ ውሃው ዳር ያለችው ወፍ ዓይን የላትም። ዓይኗን አድርግላት።»

አጎቴ ቀጭኗን ብሩሽ አነሳ። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ ፊት ተጠጋሁ፤ አሁን ያሳያቸዋል አልኩ። በዚያው ቅጽበት እናቴ ከኋላ ባልዲ ይዛ ስትመጣ ተደናቀፈች። ባልዲ ሙሉ የኖራ ውሃ በተቆጣጣሪው ጫማ ላይ ፈሰሰ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ስድቡን ሁሉ አልደግመውም። ግዴለሽ፣ ሰነፍ፣ ዓይንሽ የት ነው፣ ይህ ሥራ የዘገየው በማን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ይህን የመሰለ። እናቴ አጎንብሳ በቀሚሷ ጫፍ ጫማውን እየጠረገች ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ ጌታዬ ትላለች። ታፔላ ሠሪው ማላመጡን ትቶ ሳቀ። ወፊቱን ያስታወሰ የለም። እኔ ግን በእናቴ አፍሬ ወንበር ሥር ገባሁ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ከእናቴ ጋር ነው የምሠራው። ትምህርቱ እኔን ትቶኛል ወይም እኔ ትቼዋለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደተወ እስካሁን እንከራከራለን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጨለማ ደረጃ ላይ፣ በዝናብ፣ በወገቧ ሕመም፣ እናቴ ከባልዲ አንዲት ጠብታ ስታፈስ አይቼ አላውቅም።

የተቆጣጣሪው ጫማ በነጣ ማግስት ጠዋት እናቴና አጎቴ ግድግዳው ሥር ቆመው በዝቅታ ሲነጋገሩ አየሁ። ቃሉ አይሰማኝም። አጎቴ በጣቱ ከወንዙ ዳር እስከ ምሰሶው ድረስ ያመለክታል፤ እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሱ እንደገና ያመለክታል። በመጨረሻ እሷ አሸዋና ኖራውን ማላወስ ጀመረች፤ ብዙ አድርጋ፣ እንደ ሰማዩ ጊዜ። አጎቴ በመጨረሻ መብቱን ጠየቀ ብዬ ከበሮ መምታት ቀረኝ። ምን እንዳላት አጎቴ የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው። አንቺ በእኔ ፈንታ ስትሰደቢ ቆሜ ማየት አልችልም፣ ሰፊ አድርጊው፣ እንጨርስና ይገላገሉን፣ ነበር ያላት።

ልስኑ አምሮ ነበር። እናቴ በመለሰኛዋ፣ በዚያች ጠፍጣፋ የብረት ማለስለሻዋ፣ ስትሄድበት የላም ምላስ የላሰው ይመስል ነበር። ሥዕሉ የተነደፈበት ወረቀት መስመሩን ተከትሎ በመርፌ የተበሳሳ ነው፤ እሱን ግድግዳው ላይ ያዝንና የከሰል ዱቄት ባለበት ጨርቅ እየመታን ነጥብ በነጥብ አሳረፍነው። ጨርቁን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ፊቴም አብሮ ተነጥቧል። አጎቴ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ብሩሹ ሲነካው ልስኑ ቀለሙን ይጠጣዋል። ይህ ድምፅ የለውም፣ ግን የሚሰማ ይመስላል። እሱ ይቀባል፣ ያርፋል፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል፣ ይቀባል።

ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ወደዚያኛው መስኮት ዞረች። ብሩሹ መጎተት ጀመረ። ልስኑ መጠጣት ትቷል። አጎቴ ግን እየቀባ ነው፤ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ መስመሩ እየተወላገደ። እናቴ ተጠግታ አንድ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ሰማያዊ ሆኖ ተነሳ። ሄዳ መሮና መዶሻ ይዛ መጣች።

ከድርሻው ከግማሽ በላይ ነው የቆረጠችው። በጥንቃቄ፣ ጠርዙን ሰያፍ እያደረገች፣ ነገ የሚመጣው ልስን እንዲገጥም። የአጎቴ ውሃ ቁርጥራጭ እየሆነ ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔ እሪ ብዬ ቀሚሷ ላይ ተንጠለጠልኩ። ቀንታ ነው፣ መስመር ስታሰምር ዶሮ የሄደበት ስለሚመስል በሱ ቀንታ ነው አልኩ። ይህን በጩኸት ነው ያልኩት። አዳራሹም ደገመልኝ።

«ጠበቃዬ፣ ልቀቂያት» አለኝ አጎቴ። «የደረቀውን ነው የምትቆርጠው።»

ድምፁ ደክሞ ነበር። ሄዶ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። እጁ ብብቱ ውስጥ ሆኖ፣ ኮቱ ሥር ወፍ የታፈነች ይመስል፣ ይዘላል። አሁን በጣም በረደው ብዬ የእናቴን ነጠላ አምጥቼ ደረብኩለት። አመሰገነኝ። እናቴ መሮውን አስቀምጣ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቁርጥራጩ መሃል። እኔ ከነሱ ራቅ ብዬ፣ አልሰማም በሚል ሁኔታ፣ እየሰማሁ ነበር።

«ለተቆጣጣሪው ልነግረው ነው» አላት።

«ምኑን?»

«እጄን።»

«እጅህ ምን ሆነ?» አለች እናቴ። «ልስኔ ነው ቶሎ የሚደርቀው። አሸዋው መጥፎ ነው። እኔም ሰነፍ ነኝ፤ እሱ ራሱ መስክሯል።»

«እትዬ።»

«የምትጨርሰውን ያህል እለስንልሃለሁ። መዳፍ የሚያህል ከሆነ መዳፍ የሚያህል። አንተ ልጅ፣ የጀመርከውን ሰማይ ለዚያ አላማጭ አልሰጥም።»

አጎቴ በግራ እጁ ከጉልበቱ ላይ የልስን ብናኝ አራገፈ። ከዚያ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ሁለቱም የሳቁት ታፔላ ሠሪው እንዴት እንደሚያላምጥ በማሰብ ይመስለኛል። እኔ አልሳቅኩም። ሥራዬን እየሠራሁ ነበር፤ እናቴ ሰነፍ መሆኗን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ከዚህ በላይ ምስክር የሚፈልግ ዳኛ አለ?

ከዚያ በኋላ ድርሻዎቹ እያነሱ እያነሱ ሄዱ። እናቴ ወፍ ሳይንጫጫ ትነሳ ጀመር፤ ትንሽ ለስና እስኪያልቅ ትጠብቃለች፣ እጁ ረጋ ያለ ቀን ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሌላ ትንሽ ትጨምራለች፣ ካልሆነ አትጨምርም። ይህን ከእጁ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ጠዋት ሲገባ ሰላም ስትለው እጁን ትጨብጠዋለች፤ እህትና ወንድም በየቀኑ እንደ ባለሥልጣን የሚጨባበጡት ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ጨብጣው ትሄድና ትለስናለች። ትንሽ በትንሽ ወንዙ ሞላ። የሰዎቹ እግር ውሃው ውስጥ ገባ። ወፊቱም ጭንቅላቷ እንደገና ተለስኖ፣ አንድ ረጋ ያለ ጠዋት ዓይን አገኘች።

የመጨረሻው ቀን ተቆጣጣሪው ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ይዞ መጣ። የቀረው የግድግዳው የታችኛው ጥግ ብቻ ነበር፤ ወንዝ ዳር አንዲት ሴት ያጠበችውን ጨርቅ ከውሃው የምታወጣበት ቦታ። እናቴ ገና ለስናው ነበር፤ እርጥብ ነው። ሰዎቹ ወደ ኋላ ሄደው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩ። አንደኛው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ተቆጣጣሪው ራሱ የሳለው ይመስል ደረቱን ነፋ።

«እጅህ ይባረክ» አለው አጎቴን። ከዚያ ጫማውን አንዴ አየና ወደ እናቴ ዞረ። «አንቺን ግን ለሁለተኛ ጊዜ አንጠራሽም። ያዘገየሽው አንቺ ነሽ።»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለች እናቴ።

አጎቴ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጠችው። ከታች ሆኜ አይቻለሁ፤ ተረከዟን ነው ያሳረፈችበት። አፉን ዘጋ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ቁልፎቹም እየተንቃጨሉ ራቁ። እኔ ፍርዱ ትክክል ነው ብዬ ረካሁ። ጣቢያው ቃሉን ጠብቋል፤ እናቴን እስካሁን ጠርቷት አያውቅም፤ ወሬው የተዛመተባቸው ሌሎች ቦታዎችም አልጠሯትም። በዚህ ጉዳይ ስታማርር ሰምቻት አላውቅም፤ እኔ ነኝ የማማርርላት።

አጎቴ ወደ ጥጉ ተመለሰ። እጁ በዚያ ጠዋት ረጋ ያለ ነበር፣ ልስኑም ገና ብዙ ጊዜ ነበረው። የሴትዮዋን ጣቶች ሳለ። የውሃውን ጠርዝ ሳለ። የጨርቁ ሽብሽብ በከሰል ነጥብ ተነድፏል፤ ለሱ የሚሆነው ግራጫ ቀለም ሳህን ላይ ተበጥብጦ ይጠብቃል። አጎቴ ብሩሹን ነከረ። ከዚያ ቆመ። ቆሞ ቆሞ፣ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ከተተና ስፖንጅ አንስቶ የከሰሉን ነጥቦች አንድ በአንድ ጠረጋቸው። በሴትዮዋ እጆች መሃል ምንም ያልነካው ልስን ቀረ።

«ሽብሽቡስ?» አለች እናቴ።

«ነጩ ያንቺ ነው፣ እትዬ» አላት። «ከዚህ የነጣ እኔ ጋ የለም።»

እኔ ደከመው አልኩ። ይኸው በመጨረሻ እንኳን ሳያስጨርሱት ቀሩ አልኩ። ባለፈው ወር ባቡር ስጠብቅ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ አግድም ስትገባ፣ የድርሻዎቹ መገጣጠሚያ ሁሉ ታየኝ፤ ከላይ እንደ በር፣ ከታች እንደ መዳፍ። በዚያ ሁሉ ግድግዳ እናቴ በእጇ ያልሄደችበት ቦታ የለም። ሰው ግን ከእጇ ሥራ የሚያየው ያቺን ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው።

እናቴ ነጩን አየችው። ስንፍና ነው አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደሌላው ቀን አልነበረም። መለሰኛዋን አነሳች፣ ውሃ አስነካችው፣ ተንበርክካ በጨርቁ ላይ በዝግታ አንድ ጊዜ ሄደችበት። ልስልስ ያለ ነበር። ደግማ ሄደችበት።